ምናልባት ሰው ቢመጣ

መምህር ገብረጻድቅ የመጨረሻውን ደብተር አልዘጉትም። ጣታቸውን በገጹ መካከል እንዳስገቡ ከጥቁር ሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ተመላለሱና ቆሙ።

«ከስልሳ ሁለት ደብተር ውስጥ» አሉ፣ «አንድ እውነት አገኘሁ።»

ስምንተኛ ቢ ጸጥ አለ። እኚህ የእንግሊዝኛ መምህር አዋሳ ከመጡ ገና ወራቸው ነው፤ ተማሪ ሲያመሰግኑ የሰማቸው አልነበረም። ታቢታ ሙሴ እስክሪብቶዋን ከጥርሷ አውጥታ ቀና አለች። በእንግሊዝኛ ክፍሉ ውስጥ የሚበልጣት ስለሌለ፣ ምስጋና ሲመጣ የሚጠራው የእሷ ስም መሆኑን ለምዳዋለች።

«ኸይሪያ ጠሀ፣ ተነሺ።»

ክፍሉ ሳቀ። ኸይሪያ በሒሳብ ሰውን ሁሉ ታስከነዳለች እንጂ፣ እንግሊዝኛ ሲመጣ ምላሷ እንደሚተሳሰር የማያውቅ የለም። ራሷም እየሳቀች ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። ስትነሳ አጠገቧ የተቀመጠችውን ታቢታን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ሸወድናቸው ማለቷ ነበር።

የተሸወዱበት ነገር የጀመረው ማክሰኞ ዕለት ነው። መምህሩ ቀደም ብለው አሥር ቃላትና ሐረጎች ሰጥተው፣ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ብለው ነበር። ተማሪው እንደ ልማዱ ከመጽሐፉ የሸመደደውን ገልብጦ አስረከበ። ከቃላቱ መካከል «ኢን ኬዝ» የምትባል ሐረግ ነበረች፤ ምናልባት እንዲህ ቢሆን ብሎ አስቀድሞ መጠንቀቅ ማለት ናት። የመጽሐፉ ምሳሌ «ምናልባት ቢዘንብ ብዬ ጃንጥላ እይዛለሁ» ይላል። ስልሳ ሁለቱም ተማሪ ጃንጥላ ይዞ መጣ፤ ለሌላውም ቃል እንደ መጽሐፉ በበሬ አረሰ።

«ጃንጥላ ያለው እጁን ያውጣ» አሉ መምህሩ ማክሰኞ ዕለት፣ የደብተሩን ክምር ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው።

አንድም እጅ አልወጣም።

«በሬ ያለውስ?»

ከቱላ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ ብቻ እጁን እስከ ጆሮው ድረስ አነሳ።

«እንግዲያው ይኼ ሁሉ ሰው በደብተሩ የማንን በሬ ጠምዶ ነው የሚያርሰው?» ብለው ለሁሉም ዜሮ ሰጡ። «ያላያችሁትን የምትጽፉበት ቃል የእናንተ አይደለም። የመጽሐፉ ነው፤ ለመጽሐፉ መልሱለት። ለሐሙስ በዚህ ሳምንት ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ የሠራችሁትን ጽፋችሁ ኑ።»

ታቢታ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዜሮ ታቅፋ አታውቅም። ነደዳት። ማክሰኞን ስትናደድ ዋለች፤ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በርጩማዋን ይዛ ደጃፍ ስትቀመጥም ንዴቱ አልበረደላትም።

ረቡዕ ደጃፍ መቀመጥ የእሷ ሥራ ነው። ቤታቸው ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ የቀበሌ ቤት ነው። የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ትእዛዝ ከታሸገ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ፣ ስምንት ዘጠኝ ሰው አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ ይመጣና ጓዳ ይገባል። ይጸልያሉ፤ ከሹክሹክታ በማይበልጥ ድምፅ ይዘምራሉ። ታቢታ ደጅ ሆና ታጠናለች። ያልታወቀ ሰው ወደ አጥራቸው ካቀና የያዘችውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ያኔ ውስጥ ያሉት ዝም ይላሉ። የቀበሌው ጥበቃ ብዙ ጊዜ ቆሞ አዳምጧታል። «የሙሴ ልጅ፣ አንድ ቀን አምባሳደር ትሆኛለሽ» ብሏት ያልፋል። እውነቱን ለመናገር እንግሊዝኛዋን ያጎበዘው ይኼው ደጃፍ ነው፤ ይህን ያህል ዓመት በየሳምንቱ ደጅ ላይ ሲነበብ የማይጎብዝ ሰው የለም።

ለጥንቃቄው ምክንያት ነበረው። አባቷ አቶ ሙሴ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰው ሰብስበህ ጸልየሃል ተብሎ ሦስት ወር ታስሯል። ሲለቀቅ፣ ሁለተኛ እንዲህ ሲያደርግ ቢገኝ ከሥራውም ከቤቱም እንደሚነቀል የሚል ወረቀት አስፈርመውታል።

እንግዲህ ታቢታ በዚያች ረቡዕ በርጩማዋ ላይ እየተቁነጠነጠች የደብተሯን የኋላ ገጽ ገለጠች። እውነት ጻፉ ከተባለ እውነት አላት። ማን አላት እንደ እሷ? መጻፍ ስትጀምር ቃላቱ ሳይለመኑ መጡ። ማንሾካሾክ፣ መምሰል፣ ጎረቤት፣ ኢን ኬዝ፤ ሁሉም ደጃፏ ላይ ቦታ ነበራቸው። እንግሊዝኛ የሰፈሩ ሰው የማይገባበት ቤት ሆኖ ስለተሰማት፣ ማንም ሳያያት ልቧን እዚያ አስቀመጠች። በማግሥቱ ጠዋት ግን ብቻዋን ስታነበው ደነገጠች። በፊተኛው ገጽ ላይ ስለ ዓሣ ገበያ፣ ስለ ሐይቁ ወፍ ስለ አባ ኮዳ፣ ስለ ብስክሌት የሚያወሩ አሥር ጨዋ ዓረፍተ ነገሮች ጽፋ ለማስረከብ ተዘጋጀች። የኋላውን ገጽ ልትቀደው አሰበች፤ ደወል ተደወለ፤ ቆይ አለች።

በዚያው ሐሙስ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት፣ ኸይሪያ እንደ ሁልጊዜው ደብተሩን ተቀብላት ሄዳ ነበር። ውላቸው ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የቆየ ነው፦ ሒሳብ በኸይሪያ፣ እንግሊዝኛ በታቢታ።

አሁን፣ ዓርብ ዕለት፣ መምህሩ አርመው ያመጡትን የኸይሪያን ደብተር ከፍ አድርገው ያነባሉ።

«ረቡዕ ረቡዕ እንግዶቻችን ጓዳ ገብተው ይንሾካሾካሉ» ይላል እንግሊዝኛው። «እኔ ደጃፍ ተቀምጬ የማጠና እመስላለሁ። ምናልባት ሰው ቢመጣ ብዬ፣ መጽሐፌን ጮክ ብዬ አነባለሁ።»

ታቢታ ቃላቱን ለየቻቸው፤ የራሷ ናቸው። ኸይሪያ ከኋላው ገጽ ነው የገለበጠችው።

መምህሩ ለአራተኛው ዓረፍተ ነገር አፋቸውን ከፍተው ድምፃቸው ሰለለ። ሲያርሙት እንግሊዝኛ ብቻ ነበር ያዩት፤ ሰው ፊት ሲያነቡት ግን ውስጡ ሰው እንዳለበት ገባቸው። ደብተሩን ዘጉት።

«በቃ። ቁጭ በይ።»

«ቲቸር» አለ የክፍሉ አለቃ ሽበሺ እጁን አውጥቶ። «እንግዶች ይንሾካሾካሉ፣ እኔ ሰው እንዳይመጣ በር ላይ እጠብቃለሁ ማለት ነው አይደል?»

«ቁጭ በል ብያለሁ።»

ሽበሺ ክፉ ልጅ አይደለም። ትርጉሙ ስለተሳካለት ደስ ብሎት ነው። ችግሩ ያወቀውን ነገር ለአንድ ሰው ሳያወራ መዋል አለመቻሉ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጓድ ከበደ ነው። ጓድ ከበደ የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪና የትምህርት ቤቱ የወጣት ማኅበር ኃላፊ ነው።

ከእረፍት በኋላ ኸይሪያ ቢሮ ተጠራች። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሳትመለስ ቀረች። ታቢታ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የወንዞች ስም ስትጽፍ አንዱን ወንዝ ሦስት ጊዜ ጻፈችው።

ሲለቀቁ ታቢታ ኸይሪያን ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ቀለም ገና ያልለቀቀው አጥር ሥር ተቀምጣ አገኘቻት። ሳቋ የለም።

«ለምን ከኋላው ገለበጥሽ?» አለች ታቢታ። ሌላ የምትለው አጥታ ነው።

«ሁለታችንም አንድ ዓይነት ብናስረክብ ዜሮ ነበራ። ከኋላ ሌላ ሲኖር አየሁና አራዳ ነኝ ብዬ እሱን ጻፍኩ። እኔ ምን አውቄ? ማንበብ የቻልኩት ረቡዕ የሚለውን ብቻ ነው።»

«ምን አለሽ ጓድ ከበደ?»

«ነጋዴ ቤት ረቡዕ ረቡዕ ምን ይንሾካሾካል አለኝ። ከመጽሐፍ ነው የገለበጥኩት አልኩ። የትኛው መጽሐፍ አለኝ። ዝም አልኩ።» ኸይሪያ ሣር ነቅላ ጣለች። «ሰኞ ጠዋት አባትሽ ይምጣ፣ የሱቁን ቁልፍ ይዞ ይምጣ አለ።»

ቁልፍ ይዞ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። የኸይሪያ አባት ጠሀ አዲስ ከተማ በሚባለው የአዋሳ ሰፈር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ባለፈው ወር ከሱቁ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ሱቆች፣ ባለቤቶቹ ተሰብስበው ዕቃ ሊደብቁ ተማክረዋል ተብለው ታሽገዋል። አንደኛው ባለሱቅ እስከ ዛሬ አልተፈታም።

«ያንቺ ነው አላልኩም» አለች ኸይሪያ። «አልልምም። ግን አባ ምንም አያውቅም።»

ታቢታ ወዲያ ወዲህ አለች። መቀመጥ አልቻለችም።

«አምና አንድ ረቡዕ እናንተ ቤት መጥቼ ከደጅ መለስሽኝ» አለች ኸይሪያ ቀና ሳትል። «እናቴ ታማለች አልሽኝ። ውስጥ ግን የብዙ ሰው ድምፅ ሰማሁ። ሙስሊም ስለሆንኩ እንዳልገባ መስሎኝ ስንት ቀን ከፍቶኝ ነበር።»

«አይደለም፣ ኸይሪያ። በናትሽ እንደሱ አይደለም።»

«አሁንማ ገባኝ።» ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ አልገለብጥም ነበር።»

ታቢታ ከግቢው ስትወጣ መምህር ገብረጻድቅ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ጠመኔ የነጣበትን የኮታቸውን እጅጌ ሳያስፈልግ ያራግፋሉ።

«የአንቺንም ደብተር አርሜዋለሁ» አሉ ደብተሯን እየመለሱላት። «ስለ አባ ኮዳ የጻፍሽው ቆንጆ ነው። የኋላውን ገጽ ግን አሁን ነው ያየሁት፤ ብትቀጂው ጥሩ ነበር።»

አይተውታል ማለት ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እውነት ጻፉ ስል፣ እውነት የሚያስከፍለው ሰው ክፍሌ ውስጥ መኖሩን አላሰብኩም። ሰኞ እኔም ተጠርቻለሁ፤ ጽሑፉን በአማርኛ እንድተረጉም። ሌሎችም እንግሊዝኛ የሚያውቁ አስተማሪዎች ይኖራሉ። የተጻፈውን አልተጻፈም ማለት አልችልም፤ የማንም ስም ግን ከእኔ አፍ አይወጣም።» «በይ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ቅዳሜ ታቢታን ቤቱ አላስቀምጥ አላት። እናቷ ዓሣ ግዢ ብላ ወደ ሐይቁ ላከቻት፤ ሄዳ ያለ ዓሣ ተመለሰች። ስኳር አለቀ ስትባል ራሷ ፈቅዳ ወጣች። አዲስ ከተማ ደርሳ በጠሀ ሱቅ ፊት ሦስት ጊዜ አለፈች። በአራተኛው ጠሀ አያት።

«ነይ ልጄ፣ ነይ» አላት ከመደርደሪያው ጀርባ። ቀጭን፣ ነጭ ቆብ የማይለየው ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምታ አታውቅም። «እግዜር ነው የጣለሽ። አንቺ እንግሊዝኛ አዋቂ ነሽ አይደል?»

ኸይሪያ በሱቁ ጥግ ጨርቅ ታጥፍ ነበር። ቀና ብላ ታቢታን አየቻትና ወደ ማጠፏ ተመለሰች።

ጠሀ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለአባቷ እንድታሳይ ኸይሪያ ቢሮ ውስጥ የገለበጠቻቸው፣ ክፍል የተነበቡት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። «ሰኞ ስለዚህች ይጠይቁኛል አሉ። ኸይሪያን ምን ይላል ስላት እኔንጃ ትላለች። እስቲ ምን እንደሚል ንገሪኝ። ሰው የሚጠየቀውን ሳያውቅ አይቀርብም።»

ታቢታ ወረቀቱን ያዘች። የገዛ ቃሏ በኸይሪያ የተንጋደደ ጽሕፈት ከፊቷ ነበር። ከውጭ የጋሪ ፈረስ ቃጭል ይሰማል። ጠሀ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል፤ እንደ ትልቅ ሰው፣ እንደ አስተማሪ አድርጎ ይጠብቃታል።

«የሚለው…» አለች። «ረቡዕ እንግዶቻችን በዓል ሊያከብሩ መጡ ነው የሚለው። እኔም ደጃፍ ሆኜ ተቀበልኳቸው። ከዚያ መጽሐፌን አነበብኩላቸው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

የጠሀ ፊት በራ። «ታዲያ ይኼ ምን ክፋት አለው? አልሐምዱሊላህ። አንድ ጊዜ ድገሚልኝማ፣ ልያዘው።»

ደገመችለት። እሱም ከእሷ አፍ እየተቀበለ እንደ ተማሪ ደገመው። ሲጨርስ ከቁራጭ ጨርቅ ለታናሽ እህቷ ልብስ የሚሆን ቀዶ ሰጣት፤ አልፈልግም ብትለው እጇ ላይ አስቀመጠው። ኸይሪያ ጨርቁን ማጠፍ አቁማ ታቢታን እያየቻት ነበር። ትርጉሙን ከክፍል ታውቀዋለች። እዚያው ፊቷ ላይ ውሸታም ብትላት ይሻላት ነበር።

ታቢታ እቤቷ ሳትደርስ ያደረገችው ገባት። ሰኞ ጠዋት ጠሀ የሸመደደውን ይናገራል፤ መምህር ገብረጻድቅ ደግሞ የተጻፈውን ይናገራሉ። ምንም የማያውቅ ሰው ሆኖ ቢሄድ ይሻለው ነበር። አሁን ዋሽቶ የተያዘ ነጋዴ ሆኖ ሊቀርብ ነው፤ ያስዋሸችውም እሷ ናት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአባቷና ለእናቷ ነገረቻቸው። አንድ ጊዜ ከጀመረች በኋላ የደብተሩን፣ የቁልፉን፣ የሱቁን ሁሉ ሳታስቀር አወጣችው።

እናቷ ደስታነሽ ስትናደድ አማርኛውን ትታ በሲዳምኛ ነው የምትናገረው። ለጥቂት ጊዜ በሲዳምኛ ተናገረች። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመልሳ፣ «አንቺ ምንም አትናገሪም» አለች። «ጠሀ ነጋዴ ነው። ሰው ያውቃል፣ ዘመድ አለው፣ ያስፈቱታል። አባትሽን ማን ያስፈታዋል? ከዚህ ቤት ሲያወጡን ወዴት ነው የምንሄደው?»

«እማዬ፣ እሱ ምንም አላደረገም።»

«እኛስ ምን አደረግን?»

አባቷ እጁን ዘረጋና ደብተሩን ተቀበላት። የኋላውን ገጽ የመሥሪያ ቤት ወረቀት በሚያነብበት ሁኔታ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ አነበበው።

«ስሕተት የለበትም» አለ።

ታቢታ ስትስቅ እንባዋም አብሮ መጣ። አባቷ ተነሥቶ ከአልጋው ሥር ግራጫ ቦርሳ ሳበ። ያኔ ሦስት ወር ይዞት የሄደው ነው። ውስጡ ፎጣና ሳሙና ከተተበትና በሩ አጠገብ አስቀመጠው። እናቷ ቦርሳውን አንሥታ ወደ አልጋው ሥር መልሳ ወረወረችው። እሱም መልሶ አላወጣውም።

«ለረቡዕ እንዳይመጡ ዛሬ እነግራቸዋለሁ» አለ። ከዚያ ታቢታን አያት። «ሂጂ አልልሽም። አባት ልጁን ወደዚያ በር አይልክም። ቅሪም አልልሽም፤ እንዲህ ብዬሽ ነገ ጠሀን መንገድ ላይ ሳገኘው በየት በኩል ዞሬ አልፋለሁ? አላውቅም፣ ልጄ። እኔም እፈራለሁ።»

አባቷ እፈራለሁ ሲል የሰማችው ያን ቀን ነው። ግን ቅር አላላትም፤ ብቻዋን እንዳልሆነች ተሰማት።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ባንዲራ ተሰቅሎ ተማሪው ወደየክፍሉ ሲገባ ታቢታ ከሰልፉ ወጣች። ቢሮው ፊት ለፊት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ጠሀና ኸይሪያ እዚያ ተቀምጠዋል። ጠሀ የጁምዓ ልብሱን ለብሷል። በቀይ ክር የታሰረ ቁልፍ በእጁ ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

«እንግዶቻችን በዓል ሊያከብሩ መጡ» ይላል በቀስታ። «ደጃፍ ሆኜ… ደጃፍ ሆኜ ተቀበልኳቸው…»

ኸይሪያ አንገቷን ደፍታለች። ታቢታ ስትቀርብ ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ታቢታ ግን አልተቀመጠችም፤ ጠሀ ፊት ቆመች።

«ጋሼ ጠሀ፣ ቅዳሜ ዋሽቼዎታለሁ።»

ከንፈሩ ቆመ።

«እንደዚያ አይደለም የሚለው። እንግዶቹ በዓል ሊያከብሩ አልመጡም። ጓዳ ገብተው ይንሾካሾካሉ ነው የሚለው። ልጅቷም ምናልባት ሰው ቢመጣ ብላ ደጅ ትጠብቃለች።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ጽሑፉ የእኔ ስለሆነ። ኸይሪያ ከእኔ ደብተር ነው የገለበጠችው።»

ጠሀ ልጁን አየ፤ ኸይሪያ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ታቢታን ለረጅም ጊዜ አያት። አቶ ሙሴን ያውቀዋል፤ ያኔ ለምን እንደታሰረም አዋሳ የማያውቅ የለም። የሚጠይቀው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ በፊቱ ላይ ሲያልፍ ታቢታ አየች፤ አንዱንም አልጠየቃትም።

«ክፍልሽ ግቢ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አላውቅም እላቸዋለሁ። እውነትም አላውቅም። ሱቅ ቢታሸግ አንድ ቀን ይከፈታል፤ ሂጂ።»

ይኼንን አልጠበቀችም። ይቆጣኛል፣ ይሰድበኛል ብላ ነበር የመጣችው፤ ለዚያ ተዘጋጅታ ነበር። ሂጂ ሲላት ግን እግሮቿ እውነትም ሊሄዱ ፈለጉ። ክፍሏ ከዚያ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። የሒሳብ አስተማሪያቸው ስም ሲጠሩ ይሰማል፤ አሁን ብትሮጥ ሳያልፋት ትደርሳለች። እናቷ ጠዋት ቁርሷን አቅርባላት ፀጉሯን እንደ ሕፃንነቷ ጊዜ አስቀምጣ ሠርታታለች። ታቢታ እጇን ወደ ራሷ ሰዳ ሹሩባዋን ነካችው።

ኸይሪያ ቀና ብላ አየቻት። ሂጂም ቅሪም አላለችም።

የቢሮው በር ተከፈተና የጓድ ከበደ ድምፅ ወጣ። «የኸይሪያ አባት ይግቡ።»

ጠሀ ቁልፉን ጨብጦ ሊነሳ ሲል ታቢታ ቀደመችው።

«እርስዎ ይቆዩ» አለች። «መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ።»

ውስጥ ሦስት አስተማሪዎች ተቀምጠዋል። መምህር ገብረጻድቅ መስኮቱ አጠገብ ቆመው የኸይሪያን ደብተር ይዘዋል። ሲያዩዋት ደብተሩ በእጃቸው ላይ ዝቅ አለ።

«አንቺን ማን ጠራሽ?» አለ ጓድ ከበደ።

«ማንም አልጠራኝም። ዓረፍተ ነገሮቹ የእኔ ናቸው።» እጇን ወደ መምህሩ ዘረጋች። «ቲቸር፣ ይስጡኝ። እኔው አንብቤ እኔው ልተርጉመው።»

መምህሩ ደብተሩን ሰጧት። ገጹን ገልጣ ደብተሩን በሁለት እጇ ያዘችው። ደጃፍ እንደለመደችው ጮክ አላለችም። ጓዳ እንዳሉት ሰዎችም ድምፅዋን አልቀበረችም። ሰው ከሰው ጋር በሚያወራበት ድምፅ ማንበብ ጀመረች።